ድምፁ ከጊታሩ በላይ ወይስ ከጊታሩ ውስጥ? የሮክ አልበም አሠራርና የጎጃም አድማጭ

ማሲንቆን ወይም ዋሽንትን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያዋሃደ ሥራ በወጣ ቁጥር ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚነሳው ክርክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ይህ የእኛ አይደለም» ይላል። ሌላው «ሙዚቃ ድንበር የለውም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱ ሲወራወሩ አንድ ሦስተኛ አስተያየት ሳይታይ ያልፋል፤ «ግጥሙ አይሰማም» የሚለው። ይህን የሚሉት ሰዎች ሮክን የሚጠሉ ላይሆኑ ይችላሉ። ሊሰሙት ፈልገው አቅቷቸው ነው። ቅሬታቸው የባህል ሙግት ስለማይመስል ችላ ይባላል፤ ነገር ግን የሮክ አልበም ጎጃም ውስጥ ተቀባይነት የሚያገኝበትን ወይም የሚያጣበትን ምክንያት ከሁለቱ መፈክሮች ይልቅ ይህ ቅሬታ ያሳያል። ጉዳዩን ለመረዳት አልበም እንዴት እንደሚሠራ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

አልተርኔቲቭ ሮክ ሲባል

«አልተርኔቲቭ» የሚለው ስያሜ መጀመሪያ ስለ ድምፁ ሳይሆን ስለ ገበያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ሙዚቃ ቤቶች ፊት የነሷቸው ባንዶች ሥራቸውን በትናንሽ ነፃ አሳታሚዎች ያወጡ፣ ተማሪዎች በሚመሯቸው የኮሌጅ ሬዲዮዎች ያሰሙ ነበር። አማራጭ የተባለው ይህ መንገድ ነው። ድምፁም ከመንገዱ ጋር አብሮ ተቀረጸ፤ በጀቱ ትንሽ ስለነበር ቀረጻው አጭር፣ ጊታሩ ሻካራ፣ ዘፈኑ ያልተኳኳለ ሆነ።

መስከረም 1991 (እ.ኤ.አ.) ኒርቫና የተባለው የሦስት ሰዎች ባንድ «ኔቨርማይንድ» የተሰኘውን አልበም አወጣ። በቀጣዩ ጥር የማይክል ጃክሰንን አልበም ከቢልቦርድ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት አወረደው። ከዚያ ወዲህ አልተርኔቲቭ የተባለው ራሱ ዋናው ገበያ ሆነ። የባንዱ ድምፃዊና ጊታሪስት ከርት ኮቤይን ግን ያ አልበም ከመጠን በላይ ተወልውሏል ብሎ ያምን ነበር። ለእኛ ጥያቄ ጠቃሚ የሚሆነው ታሪክ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

የ1993ቱ ውዝግብ

ባንዱ ለቀጣዩ አልበም ስቲቭ አልቢኒን መረጠ። አልቢኒ ፕሮዲዩሰር ተብሎ መጠራት አይወድም ነበር፤ ራሱን የሚያየው ባንዱ የሚጫወተውን እንዳለ እንደሚቀርጽ ባለሙያ ነው። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለባንዱ በጻፈው ደብዳቤ ከአልበሙ ሽያጭ በመቶኛ እንደማይቀበል፣ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ለሠራው ሥራ ብቻ እንዲከፈለው እንደሚፈልግ ገለጸ። የተከፈለው አንድ ጊዜ 100,000 ዶላር ነው። ከሽያጭ ድርሻ ቢወስድ ኖሮ በብዙ እጥፍ ያገኝ እንደነበር ከኔቨርማይንድ ስኬት በኋላ ለማንም ግልጽ ነበር።

ቀረጻው የካቲት 1993 (እ.ኤ.አ.) በሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው የፓኪደርም ስቱዲዮ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ባንዱ አብሮ ይጫወታል፤ አልቢኒም ማይኮቹን መሣሪያዎቹ አጠገብ ብቻ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ራቅ ራቅ አድርጎ ያስቀምጣል። ድራሙ ሲመታ የሚሰማው ከበሮው ብቻ አይደለም፤ ግድግዳውና ጣራው የመለሱት ድምፅም አብሮ ይገባል። የኮቤይን ድምፅ ደግሞ በሚክሱ ውስጥ ከጊታሩ በላይ አልተሰቀለም። ከጊታሩ ጋር እኩል፣ አንዳንድ ቦታም ከበታቹ ተቀምጧል። (ሚክስ ማለት ለየብቻ የተቀረጹ ድምፆችን መጠናቸውንና ቦታቸውን ወስኖ ማዋሃድ ነው።)

የሙዚቃ ቤቱ ሰዎች ሲሰሙት አልወደዱትም። ነገሩ ወደ ጋዜጣ ወጣ፤ አልበሙ ሊወጣ አይገባውም ተብሏል የሚል ወሬ ተሰራጨ። ባንዱም ራሱ እየቆየ ሲያዳምጠው ቤዝ ጊታሩና የዘፋኙ ድምፅ በደንብ አይሰሙም ወደሚል ስሜት መጣ። መፍትሔው በሁለት ደረጃ ተሠራ። በመጀመሪያ ቦብ ሉድዊግ በማስተሪንግ ጊዜ ቤዙን ጥርት አድርጎ የዘፋኙን ድምፅ ከፍ አደረገው። ማስተሪንግ ከሚክስ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ ማስተካከያ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ዘፈኖች ለሌላ ባለሙያ ለስኮት ሊት ተሰጥተው እንደገና ሚክስ ተደረጉ። «ኢን ዩትሮ» የተባለው ይህ አልበም መስከረም 1993 (እ.ኤ.አ.) ወጣ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ 180,000 ያህል ቅጂ ተሸጦ በአንደኛነት ጀመረ። ዋልማርትና ኬማርት የተባሉት ትልልቅ መደብሮች ግን በጀርባ ሽፋኑ ሥዕልና በአንድ ዘፈን ርዕስ ምክንያት አንሸጥም አሉ። በቀጣዩ ዓመት ሽፋኑና ርዕሱ የተለወጠ ቅጂ ተዘጋጀላቸው።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሙዚቃ ቤቱና የባንዱ ጠብ ነው። ለጎጃም አድማጭ ግን ትልቁ ነገር የጠቡ ይዘት ነው። ሮክ ተወልዶ ባደገበት አገር፣ ቋንቋው የአፍ መፍቻው በሆነ አድማጭ ፊት፣ የዓለም ታዋቂ በነበረ ባንድ ሥራ ላይ የተነሳው ጥያቄ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚነሳው ራሱ ነበር፦ ቃሉ አይሰማም። ስለዚህ «ግጥሙ አይሰማም» የሚለውን ሰው ኋላ ቀር ማድረግ ትክክል አይደለም። ባንዱ ራሱ የተቀበለው ቅሬታ ነው።

ጊታሩ ቃሉን የሚውጠው እንዴት ነው?

የሮክ ጊታር ሻካራነት ዲስቶርሽን ይባላል። የጊታሩ ድምፅ ማጉያው ከሚችለው በላይ ሲገፋ የሞገዱ ጫፎች ይቆረጣሉ፤ በዚያ መቆረጥ ምክንያት መጀመሪያ ያልነበሩ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይፈጠራሉ። አንድ ንጹሕ ድምፅ የነበረው ሰፊ ቦታ የሚይዝ ይሆናል። ይህ ጥቅሙም ጉዳቱም ነው። ሦስት ሰው አዳራሽ የሚሞላበት ድምፅ ያገኛል፤ በዚያው ልክ የሰው ድምፅ የሚቀመጥበትን ቦታ ይወስዳል።

የሰው ቃል የሚለየው በአብዛኛው በተነባቢዎቹ ነው። የተነባቢዎች ግልጽነት ደግሞ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው) ባለው ክልል ነው፤ ዲስቶርሽን የበዛበት ጊታርም እዚሁ ክልል ላይ ይጮኻል። ሁለት ድምፆች አንድ ክልል ውስጥ ሲገናኙ ጉልበተኛው ደካማውን ይሸፍነዋል። አናባቢዎቹ ይተርፋሉ፤ ዜማውም ይሰማል። የሚጠፋው ቃሉ ነው።

አማርኛ ላይ ጉዳቱ ይብሳል የምንልበት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጸ ፈንድተው የሚወጡ አጫጭር ድምፆች ስለሆኑ ዕድሜያቸው ቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ጊታሩ ካለ የሉም። ሁለተኛ፣ አማርኛ ትርጉም የሚለየው በማጥበቅና በማላላት ነው፤ «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሁለት ሌላ ነገር ነው። መጥበቅ የሚታወቀው ተነባቢው በሚቆይበት ርዝመት ስለሆነ ተነባቢው ከተሸፈነ ልዩነቱ አብሮ ይሸፈናል። ጎጃም ደግሞ ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ትምህርት ስማቸው የገነነበት፣ ሰምና ወርቁ በአንድ ኅብረ ቃል መጥበቅ ላይ የሚንጠለጠልበት አገር ነው። በአዝማሪ ቤትም «ተቀበል!» ተብሎ ለአዝማሪው ግጥም የሚሰጠው አድማጩ ነው፤ አዝማሪውም ቃሉን ሳያዛንፍ ለቤቱ ሁሉ ይመልሳል። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ወደ ሙዚቃ የሚገባበት በር ቃል ነው። በሩ ሲዘጋበት ጊታሩን ቢወቅስ አይገርምም።

የመስሚያ መሣሪያውም ድርሻ አለው። ዛሬ አዲስ ዘፈን መጀመሪያ የሚደመጠው በስልክ ድምፅ ማውጫ ነው። ይህች ትንሽ መሣሪያ ወፍራም ድምፆችን ማውጣት አትችልም። ቤዝ ጊታሩና የድራሙ ትልቅ ከበሮ ይጠፋሉ፤ ጊታሩና ዘፋኙ ብቻ በጠባብ ክልል ውስጥ ተፋጠው ይቀራሉ። ስቱዲዮ ውስጥ በትልልቅ ስፒከሮች ሲሰማ ጊታሩን ወደ ግራና ቀኝ አርቆ ለድምፁ መሐሉን መልቀቅ ይቻላል፤ ባለ አንድ ስፒከር ስልክ ግን ግራና ቀኙን መልሶ አንድ ያደርገዋል። ስቱዲዮ ላይ ጥሩ የነበረ ሚክስ መኪና ተራ ላይ ጫጫታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅኝትና ምት

«ሮክ ከቅኝታችን ጋር አይሄድም» የሚለው አባባል በከፊል ብቻ ትክክል ነው፤ ከፊሉን መለየትም ይቻላል። ዲስቶርሽን ባለበት ጊታር ሙሉ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ሦስትና ከዚያ በላይ ድምፆች) ሲመታ ድምፆቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ይደፈርሳሉ። ስለዚህ ሮክ የሚጠቀመው ፓወር ኮርድ የሚባለውን፣ መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ የያዘውን ነው። ትዝታ ሜጀርን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን ብንወስድ ከአምስቱ ድምፆች በአራቱ ላይ ከቅኝቱ ሳይወጡ ፓወር ኮርድ መሥራት ይቻላል፤ ያልቻለው ሚ ብቻ ነው። ሮክ ከብሉዝ የወረሰው ባለ አምስት ድምፅ ስኬልም ከላ ተነስቶ የሚቆጠር ይኸው የትዝታ ሜጀር ነው። በአምባሰል ፓወር ኮርድ ሦስት ቦታ ይገኛል። አንቺሆዬ ላይ ግን የመነሻው አምስተኛ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለሆነ መነሻው ላይ ፓወር ኮርድ ሊመታ የፈለገ ጊታሪስት ወይ ቅኝቱን ያፈርሳል ወይ ድምፁን ያጋጫል። አንቺሆዬን በሮክ መሥራት የሚፈልግ ጊታሩን በነጠላ ድምፅ ዜማ ማስኬድ አለበት። «አይሄድም» የሚሉትም «ይሄዳል» የሚሉትም የሚያስቡት የትኛውን ቅኝት እንደሆነ ስለማይናገሩ ክርክራቸው መቋጫ አያገኝም።

የድምፁ ሻካራነት ራሱ ባዕድ ነው የሚለው ደግሞ አያስኬድም። በገና ላይ በአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ሥራዋ አውታሩ ሲነካ ድምፁን እንዲነዝር ማድረግ ነው። ሆን ተብሎ የተሠራ ሻካራነት ነው። ማሲንቆም በፈረስ ጭራ አውታር፣ በፈረስ ጭራ መምቻ፣ በቆዳ በተሸፈነ ሳጥን የሚጫወት ስለሆነ ድምፁ ንጹሕ ፉጨት አይደለም። ልዩነቱ ቦታው ላይ ነው። በገና ደርዳሪው የሚያነዝረው ከድምፁ በታች ባለ ወፍራም ክልል ነው፤ ቃሉ በላዩ ላይ ይቀመጣል።

ምቱ ሌላ ነገር ነው። የጎጃም እስክስታ የሚወርድበት ችክችካ በስድስት ስምንተኛ (በአንድ ዙር ስድስት አጫጭር ምት) የሚቆጠር ሲሆን መደበኛው ሮክ ግን በአራት አራተኛ (በአንድ ዙር አራት ምት) ይመታል፤ ድራመሩም ሁለተኛውንና አራተኛውን ያጠብቃል። ግጥሙ ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። «የወል ቤት» የሚባለው ምጣኔ ስንኙን ስድስት ስድስት ቀለም አድርጎ ይከፍላል። «ደመናው ዘነበ፣ ዓባይ ሞልቶ ዋለ» የምትል ስንኝ ብንወስድ ደ-መ-ናው-ዘ-ነ-በ ስድስት፣ ዓ-ባይ-ሞል-ቶ-ዋ-ለ ስድስት ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም በስድስት ስምንተኛ ምት ላይ ቦታውን ያገኛል። ይህን ስንኝ እንዳለ ወደ አራት አራተኛ ሲገፉት ወይ ሁለት ቀለም ይጨናነቃል ወይ ባዶ ቦታ ይተርፋል። ያኔ ዘፋኙ ቀለሙን እየጎተተ ይሞላዋል፤ የላላው የጠበቀ፣ የጠበቀውም የላላ ይመስላል። በአማርኛ በተሠሩ ብዙ የሮክ ሙከራዎች ላይ ግጥሙ የተተረጎመ የሚመስለው በዚህ የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ። መውጫው ድራመሩን በስድስት ስምንተኛ ማስመታት ወይም ግጥሙን አምስት አምስት ቀለም ባለው በሰንጎ መገን፣ አለዚያም አራት አራት ባለው በቡሄ በሉ ቤት መግጠም ነው። ከሁለቱ የመጀመሪያው ለጎጃም ዘፈን ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ በስድስት ስምንተኛ የሚሠራ ሮክም በዓለም ላይ ሞልቷል።

ከዚህ በፊት የተሞከረው

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የይፋቱ ተወላጅ ሳክስፎኒስት ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያሻገረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከተመሠረተው ዘ ኤክስ ከተባለ የኔዘርላንድስ ፐንክ ባንድ ጋር ተገናኝቶ አብረውት እንዲጫወቱ የጠየቃቸው እሱ ነበር፤ በ2006 (እ.ኤ.አ.) «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጡ። ጊታሮቹ ሻካራና ጠንካራ ናቸው፤ ሳክስፎኑ ግን በአንድም ቦታ አይዋጥም። ዘፋኝ በሚቆምበት ቦታ ላይ ቆሟል። ሽለላን የሚያውቅ ሰው ቃሉን ከሳክስፎኑ ውስጥ ራሱ ይሞላል። ቃል ለሌለው ሥራ የተገኘ ብልህ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም በዋናነት የተደመጠው በአውሮፓና በአሜሪካ የኮንሰርት መድረኮች ላይ ነበር።

ጃኖ ባንድ ሌላውን መንገድ ሄደ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ኤርታሌ» በአማርኛ የተሠራ የሮክ አልበም ሆኖ አገር ውስጥ ሰፊ መነጋገሪያ ሆኗል። ፊት ላይ የቆሙት ድምፃውያን ከአንድ በላይ፣ ሴቶችም ወንዶችም ነበሩ። ድምፅ በድምፅ ላይ ሲደረብ ከጊታሩ ጋር የሚፎካከር ጉልበት ያገኛል፤ ተቀባዮች ያሉበትን ዘፈን ለለመደ ጆሮም ባዕድ አይሆንም። የአልበሙ ፕሮዲዩሰር አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው።

ላስዌል ደግሞ ከጎጃም ጋር ቀድሞ የተዋወቀ ሰው ነው። የቻግኒ ልጅ የሆነችው እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ2001 (እ.ኤ.አ.) በስሟ ያወጣችውን አልበም የሠራው እሱ ነው፤ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፈሮ ሳንደርስን የመሳሰሉ የጃዝ ታላላቆች ተጫውተውበታል። ሮክ አይደለም፤ ነገር ግን ለያዝነው ነገር ከሮክ አልበሞቹ የበለጠ ያስተምራል። ባህል ጠባቂ የሆኑ አድማጮች ቅንብሩን ነቅፈውታል፤ ቤዙ ከባድ፣ የምዕራባውያኑ መሣሪያ ብዙ ነበር። ዘፈኖቹ ግን ሰው ልብ ውስጥ ገቡ። ከምክንያቶቹ አንዱ በጆሮ ሊረጋገጥ ይችላል፤ ቅንብሩ የቱንም ያህል ቢወፍር የጂጂ ድምፅ ፊት ለፊት ነው፣ ቃሏ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ወፍራሙ ነገር ሁሉ ከሥሯ ነው። አድማጭ ቃሉን ካገኘ የማያውቀውን መሣሪያ ይታገሣል ማለት ነው።

የሚቃወሙት ምን ይላሉ?

ተቃውሞው አንድ ወጥ አይደለም። ሃይማኖታዊ ስጋት ያለባቸው ወላጆች አሉ፤ የሮክ ምስል ከአደንዛዥ ዕፅና ከሞት ጋር ተያይዞ ደርሷቸዋል። ኮቤይን ራሱ ሚያዝያ 1994 (እ.ኤ.አ.) በ27 ዓመቱ ሕይወቱን አጥፍቷል፤ ከሄሮይን ሱስና ከሕመም ጋር ይታገል ነበር። ስጋቱን ማጣጣል አይገባም። ያም ሆኖ ሱስና የአእምሮ ሕመም በየትኛውም ሙዚቃ ዙሪያ የሚገኙ፣ በሕክምናና በቅርብ ሰው እገዛ የሚረዱ ችግሮች ናቸው፤ የጊታር ድምፅን በመከልከል አይፈቱም።

የባህል ጠባቂዎቹ ክርክር የበለጠ ክብደት አለው። የእነሱ ስጋት የሚመነጨው አዲሱ ነባሩን ይተካዋል ከሚለው ነው፤ ጊታሩ ሲገባ ማሲንቆ መቺው ሥራ ያጣል። ይህ በኪቦርድ ዘመን በእርግጥም ታይቷል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽት ሥራን ገደለው፣ ሙዚቀኞችም ተሰደዱ፤ በኋላ ደግሞ አንድ አቀናባሪ በአንድ ኪቦርድ ድራሙንም ቤዙንም የትንፋሽ መሣሪያውንም የሚሠራበት አሠራር ነገሠ። ርካሽ ነበር፤ ካሴቱንም ሞላው። የተጎዳው ግን ባህላዊ ተጫዋቹ ብቻ አልነበረም፤ ባንድ የሚባለው ነገር በሙሉ ተጎድቷል። በዚህ ዓይን ካየነው ሮክ የሚፈልገው እውነተኛ ድራመር፣ እውነተኛ ቤዝ ተጫዋችና አብሮ መለማመድ ስለሆነ ከባህል ጠባቂዎቹ ጥያቄ ጋር ከሚጣላበት የሚስማማበት ይበዛል። ሳክስፎኑም ጊታሩም በጊዜያቸው ባዕድ እንደነበሩ ወጣቶቹ ሲያስታውሱ ልክ ናቸው። ልክ የማይሆኑት ያኔ መሣሪያዎቹ የገቡት ለዘፋኙ ቦታ ለቀው እንደነበር ሲዘነጉ ነው።

ገንዘብ፣ መድረክና መስመር

የሮክ አልበም ለመቅረጽ ውዱ ነገር ድራሙ ነው። ጊታር፣ ቤዝና ድምፅ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ኮምፒዩተርና በጥቂት ማይክ ሊቀረጹ ይችላሉ። ድራም ግን ድምፅ የማያስተጋባ ወይም በልኩ የሚያስተጋባ ሰፊ ክፍል፣ ብዙ ማይክ፣ ብዙ የመቅረጫ መስመር ይፈልጋል፤ ሲቀረጽም መብራት ሊጠፋ አይገባም። አብዛኛው ወጣት ይህን ስለማያገኝ ድራሙን በኮምፒዩተር ይሠራና በላዩ ላይ ዲስቶርሽን ጊታር ይጭናል። የኮምፒዩተሩ ድራም ሁልጊዜ እኩል ስለሚመታ ለዘፋኙ አይተነፍስም፤ ጊታሩም የቀረውን ክፍተት ሁሉ ይሞላል። ሰው «ጩኸት» ብሎ የሚጠራው በብዛት ይህን ነው፤ ምንጩም ከሮክነቱ ይልቅ የአቅም ማነስ ነው።

መድረኩም ጠቧል። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለስድስት ወር የታወጀውና ለተጨማሪ አራት ወር የተራዘመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ግጭቱና የሰዓት እላፊ ገደቡ በምሽት የሚኖረውን የሙዚቃ ሥራ ክፉኛ መቱት። የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። አልበም በካሴትና በሲዲ ሲሸጥ መንገድ ከተከፈተ ይደርሳል። ዛሬ ግን አልበም የሚወጣው በዩቲዩብና በሙዚቃ መተግበሪያዎች ስለሆነ መስመሩ ሲቋረጥ ጎጃም ስለ ጎጃም የተሠራውን ሥራ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር አድማጭ በኋላ ይሰማል፤ አስተያየቱም ቀድሞ ሌላ ቦታ ተሰጥቶ ያልቃል። ባንዶች ሚክሳቸውን የሚያርሙት መድረክ ላይ የሰውን ፊት እያዩ ነው። ባሕር ዳር ላይ በተከታታይ የሚጫወቱበት ምሽት ከሌለ ግጥሙ የቱ ጋ እንደሚጠፋ የሚነግራቸው ሰው አያገኙም።

አንድ የሕግ ነጥብም አለ። በአገራችን ልማድ ግጥምና ዜማ ለየብቻ ይገዛል፣ ቅንብር ለየብቻ ይከፈላል፣ አልበሙም የድምፃዊው ይባላል። ባንድ ውስጥ ግን የጊታሩ ሐረግ፣ የድራሙ ምትና ዜማው በልምምድ ክፍል ውስጥ አብረው ይወለዳሉ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲዎችም ለከዋኞችም (ለተጫዋቾችና ለዘፋኞች) ለድምፅ ሪኮርዲንግ ፕሮዲዩሰሮችም መብት ይሰጣል፤ ሆኖም ባንዱ ድርሻውን አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተስማማ አዋጁ ጠብን አያስቀርም። ብዙ ባንድ የሚፈርሰው ከመጀመሪያው ገንዘብ በኋላ ነው።

ምን ሊመጣ ይችላል?

አሁን ባለው አሠራር ከቀጠለ ሊሆን የሚችለው ነጠላ ዜማዎች እየወጡ፣ ሁለቱ ወገኖች በየጊዜው እየተጋጩ፣ ሙሉ አልበም ግን እየጠፋ መሄዱ ነው። የተለየ ውጤት ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮች ግን በእጅ ላይ አሉ፤ አንዳንዶቹም ገንዘብ አይጠይቁም። አዝማሪ ሲዘፍን ማሲንቆው ምን እንደሚያደርግ በጥሞና የሰማ ሰው ያውቀዋል። ስንኙ ሲወጣ ማሲንቆው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዜማውን ከሥር ይከተላል፤ ስንኙ ሲያልቅ ከፍ ብሎ ይመልሳል። ጊታሪስትም እንዲሁ ማድረግ ይችላል። በስንኙ ላይ ንጹሕና ነጠላ ድምፅ፣ በስንኞቹ መሐል ሙሉ ዲስቶርሽን። ለሮክ እንግዳ አሠራር አይደለም፤ ኒርቫናም ጸጥ ያለ ስንኝና የሚፈነዳ አዝማች እያፈራረቀ ነው የታወቀው። ፉከራም በዚሁ መልክ ሊገባ ይችላል፤ ፎካሪው ሲናገር መሣሪያው ያደባል፣ ሲጨርስ ሁሉም ይነሳል።

የቀረው የሚክስ ሥራ ነው። ከጊታሩ ላይ ተነባቢዎች የሚኖሩበትን ክልል በጥቂቱ መቀነስ ማንኛውም የመቅረጫ ፕሮግራም የሚያደርገው ነገር ነው፤ ጊታሩ በስቱዲዮ ብቻውን ሲሰማ የሳሳ ይመስላል፣ ከባንዱ ጋር ሲሆን ግን ልዩነቱ አይታወቅም። ጊታሪስቶች ይህን ሲሰሙ ይቃወማሉ፤ የለፉበት ድምፅ ነውና ይገባል። እንዲወስኑ የሚረዳቸው ቀላል ፈተና አለ። ግጥሙን የማያውቅ ሰው፣ ቢቻል በዕድሜ ጠና ያለ፣ ዘፈኑን በርካሽ ስልክ ከፍቶ አንድ ጊዜ ይስማው፤ ከዚያ ስንኞቹን እንዲደግም ይጠየቅ። ያልደገማቸው ስንኞች ላይ ጊታሩ ይቀነስ ወይም ዝም ይበል፤ ዘፈኑም ወደ ማስተሪንግ ከመሄዱ በፊት ለሌላ ሰው እንደገና ይሰማ።